ቆቦቹን ያጠብኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር መጥቶ አልፏል፤ ይሄኛው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በዚያ ሰሞን ሁለት ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ስህተቴን ያጋለጠብኝ ደግሞ ሁለተኛው ነው።

እኔ የሰበታ ልጅ ነኝ። ሃያ ዓመት ያህል የሀበሻ ቀሚስ ሰፍቻለሁ። ወገቤ አላስቀምጥ ሲለኝ የስፌት መኪናዎቼን ሸጥኩና ካጠራቀምኳት ጋር ጨምሬ አንዲት ያገለገለች ስኪድ ሎደር ገዛሁ። ለማታውቋት፣ ፊቷ ላይ አካፋ ያላት፣ ባለችበት ቦታ እንደ እንዝርት የምትሾር ትንሽ ማሽን ናት። ትልቁ ሎደር የማይገባበት በር ትገባለች። ባለቤቴ አስተማሪ ነው። "ከመርፌ ወደ አካፋ ተሻገርሽ!" እያለ ሲስቅብኝ ከረመ።

ሥራ ያገኘሁላት ሱሉልታ፣ አንድ የወተት ላም እርባታ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት የከብቶቹን ፍግ እየዛቀች ታወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ድርቆሽ ታመላልሳለች። ፍግ ስትገፋ ስለሚያዩዋት አላቢዎቹ "ጥንዚዛ" አሏት። ስሙ ተጣበቀባት፤ እኔም ሳላስበው ጥንዚዛ እላት ጀመር።

የሚነዳት ቶሎሳ የሚባል የቡራዩ ሰው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሁለት ልጆች አባት። ቃል ከአፉ በግድ ነው የሚወጣው። በገዛኋት በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት ደወለልኝ።

"እትዬ ወርቄ፣ ጥንዚዛ ድምፅ አወጣች። አጥፍቻታለሁ።"

"ምን ዓይነት ድምፅ?"

"የመዶሻ።"

ከሰበታ ሱሉልታ ሦስት ታክሲ ነው። ሁለተኛው ታክሲ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስልክ ሳወራ ሰምቶ ኖሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "የመዶሻ ድምፅ ካለ ዘይት አልቆ ነው። ሹፌር መቼ ዘይት ያያል!" አለኝ። ሰውየውን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ሱሉልታ ስደርስ ግን የእሱን ቃል የራሴ አድርጌው ነበር።

ከበሩ ጀምሬ እየጮህኩ ገባሁ። "ዘይት ሳታይ አቃጠልክብኝ አይደል!"

አላቢዎቹ ባልዲያቸውን እንደያዙ ቆሙ። ቶሎሳ ወደ ማሽኗ ዞረ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው፣ መልሶ አስገባና አውጥቶ አሳየኝ። ዘይቱ ልኩ ላይ ነበር።

"ይኸው፣ እትዬ።"

"አሁን ሞልተህበት ነው!"

ጫልቱ የምትባል አላቢ "ኧረ እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ዘይት ሳያይ አስነስቶ አያውቅም፤ በየጠዋቱ እኮ..." ብላ ስትጀምር፣ "አንቺ ላምሽን እለቢ!" አልኳት።

ቶሎሳ ዘንጉን በቦታው መለሰ። ቁልፉን መቀመጫው ላይ አኖረና ጃኬቱን አንስቶ ሄደ። የዚያን ቀን ፊቱን ባየው ኖሮ ምናልባት አቆመው ነበር። እኔ ግን የማየው ማሽኑን ነበር።

የእርባታው ባለቤት ደግ ሰው ናቸው፤ ከብት ግን ፍግ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። "እስከ መስቀል እታገስሻለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማሽን አስገባለሁ" አሉኝ። አንድ ደላላ ደግሞ ወሬውን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ በሦስተኛው ቀን "ለቁርጥራጭ ብረት የሚወስዳት አለ" ብሎ ቤቴ መጣ። ሃያ ዓመት የሰፋሁት ቀሚስ ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት ሊሆን ነው ብዬ ከበር መለስኩት።

አዲስ ሞተር የማይታሰብ ነው። የሚያውቁ ሰዎች ሰበታ ውስጥ ወዳሉ አንድ አሮጌ መካኒክ መሩኝ። ኦቦ ደበላ ይባላሉ። ስልሳ አልፏቸዋል፤ ዕድሜያቸውን የመንገድ ሥራ ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ዳስ አለ፤ ጋራዡ እሱ ነው። ጥንዚዛን ከጭነት መኪና ላይ ስናወርዳት ዞር ዞር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ረዳት የለኝም" አሉ። "ረዳትና አጣቢ የሚሠሩትን አንቺው ከሠራሽው፣ ይሄን ሞተር በአቅምሽ አነሳልሻለሁ።"

"እኔ? ኦቦ፣ እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"መርፌ የያዘ እጅ መፍቻ ይከብደዋል?"

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሞተር ሲፈታ ባለንብረት ከአጠገቡ አይጠፋም። ደህናው ዕቃ በአሮጌ እንዳይቀየርበት ወንበር ስቦ ይጠብቃል። እኔ ግን የባለቤቴን አሮጌ ካፖርት ደርቤ የምፍቅ፣ የማጥብ፣ የማቀብል ሆንኩ። በሳምንቱ የመፍቻ ቁጥር በዓይኔ ለየሁ። "ያ ኢንተላ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር!" ሲሉኝ ገና እጃቸውን ሳይዘረጉ አቀብላቸዋለሁ። ኢንተላ ልጅት ማለት ነው፤ በአርባ ሰባት ዓመቴ ልጅት መባሉን ጠልቼዋለሁ ብል እዋሻለሁ።

ሞተሩ ውስጥ አራት ፒስቶን አለ። እያንዳንዱ ፒስቶን ቢየላ የሚሉት የብረት ክንድ አለው። ክንዱ መሀል ላይ የሚዞረውን ወፍራም ዘንግ፣ ክራንኩን፣ በቀለበት ይይዛል። የቀለበቱ ግማሽ ክፍል በሁለት ብሎን የሚፈታ ነው፤ ኦቦ ደበላ "ቆብ" ይሉታል። በብረትና በብረት መካከል ደግሞ ብሮንዝ የሚባል ስስ ሽፋን አለ። መዶሻ መዶሻ ያለው ይሄ ብሮንዝ ተበልቶ ነው።

አራቱን ቆብ አንድ በአንድ ፈቷቸው። በወጡበት ተራ በቢየላውም በቆቡም ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፉ። ሁለተኛውን ሲፈቱት ጠርዙ የተጎረደ ኖሮ አውራ ጣታቸውን ቆረጣቸው። "ነገረኛ ቆብ!" ብለው ወረወሩት። ከቦርሳዬ ብጣሽ ጨርቅ አውጥቼ ጣታቸውን አሰርኩላቸው።

ብሮንዞቹን ስናያቸው የሁለተኛውና የሦስተኛው ከሰል መስለዋል። የአንደኛውና የአራተኛው ደህና ናቸው።

"ይገርማል" አሉ ኦቦ ደበላ። "ሁለቱ ብቻ?"

"ምን ይገርማል! ዘይት የማያይ ሰው አቃጥሏቸው ነው" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝና "እንጃ" አሉ። በዚያው አለፍነው።

ቅዳሜ ተፍኪ የዘመድ ሠርግ ነበረባቸው። "እስክመለስ ያረጀውን የላስቲክ ሙጫ እየፋቅሽ ጠብቂኝ። ሰኞ እንገናኝ" ብለውኝ ሄዱ። ሙጫውን እስከ ምሳ ሰዓት ጨረስኩ። እጄ ደግሞ ሥራ ከጀመረ ማቆም አያውቅም። ቢየላዎቹ ከፒስቶናቸው ጋር ስለነበሩ ከበዱኝ፤ ተውኳቸው። አራቱ ቆቦች ግን የተቃጠለ ዘይት እንደ ቅጥራን ለብሰው ተቀምጠዋል። አሳዘኑኝ። በፌስታል አድርጌ ቤት ወሰድኳቸውና በቤንዚን ነከርኳቸው፤ ከዚያ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና፣ ከዚያ ደግሞ የድስት ቂጥ በምፈገፍግበት ሽቦ! ፎጣ ላይ ስደረድራቸው የሠርግ ብርጭቆ ይመስሉ ነበር።

ባለቤቴ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ አያቸው። "ቅድም የሆነ ቁጥር ነበረባቸው አይደል?"

"ጠመኔ ነው። ለቀቀልኝ!" አልኩት በኩራት።

ጠመኔ የእሱ የሥራ መሣሪያ ነውና ትንሽ ቆም ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ምንም ሳይል ገባ። ለምን ዝም እንዳለ በኋላ ስጠይቀው "ሞተር አላውቅም ብዬ" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ደበላ ከሠርጉ ጨዋታ ጋር መጡ። "አካም ቡልቴ፣ ወርቄ?" አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

"ነጋ፣ ኦቦ። አንድ ነገር ላሳይዎት" ብዬ ፎጣውን ገለጥኩት።

ረዘም ላለ ጊዜ አዩአቸው። አንዱን አንስተው አገላበጡት። ሌላውንም አነሱ።

"ቁጥሮቹስ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉና፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት ስሠራ ቁጥር የሚያጥብ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። እንባዬ መጣ።

"ታኢ" አሉኝ። ቁጭ በይ ማለታቸው ነው። ቁጭ አልኩ።

"ስሚ። ቆብና ቢየላ ሲሠሩ አንድ ላይ ታስረው ነው መሀላቸው የሚቦረቦረው። ስለዚህ አንዱ ቆብ ለሌላው ቢየላ አይሆንም። ብታስሪው ይታሰራል፤ ግን ክቡ ይጣመማል። ክቡ ሲጣመም ብሮንዙ ይቃጠላል። ፋብሪካው ይሄን ስለሚያውቅ ቁጥር ይመታበታል። የዚህን ቁጥር ግን ከኛ በፊት የሠራው ሰው በሞረድ ፍቆታል።"

"ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?"

"የቢየላዎቹ ቁጥር አለ፤ እግዜር ይስጥሽ እነሱን አላጠብሽም። ለየቢየላው ቆቡን አንቺው ፈልጊለት። አንቺ ነሽ ያፋታሻቸው።"

ቢየላዎቹን አንድ በአንድ አቅፌ ፀሐይ ላይ አወጣኋቸው፤ ጎን ጎናቸውንም አጠብኩ፤ በዚህኛው ዙር ቁጥሩን ሳልነካ። ያኔ አንድ ነገር አየሁ። ብረቱን የቆረጠው መሣሪያ ጎኑ ላይ ጭረት ትቷል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ሰያፍ። ጭረቱ ከቢየላው ተነስቶ ወደ ቆቡ ይሻገራል።

እንዲህ ያለ ነገርማ አውቃለሁ! ቀሚስ ሲሰፋ የግራው ጥለት ከቀኙ ጋር መስመር በመስመር ካልገጠመ ቀሚሱ ተበላሸ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይኔን ያጠፋሁት በዚህ ነው።

አንደኛው ቆቡን ወዲያው አገኘ፤ አራተኛውም እንዲሁ። ጭረቱ ሳይቆረጥ ያልፋል፤ በጥፍሬ መጋጠሚያውን ስዳስሰው መገጣጠሙ እንኳ አይታወቅም። ቀጥዬ ያንን ጣት የቆረጠውን ቆብ ሁለተኛው ላይ አስቀመጥኩት። ጭረቱ አልገጠመም፤ ጥፍሬንም ያዘው። ሦስተኛው ላይ አደረግኩት። ልክክ አለ።

"ኦቦ! ይሄ የሦስተኛው ነው።"

ከዳሱ ሆነው "አይደለም!" አሉ። "የሁለተኛው ነው። ምስክር አለኝ" ብለው የታሰረ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። "ሁለተኛውን ስፈታ ነው የቆረጠኝ።"

"እርስዎ ይዩት እንጂ።"

እያጉረመረሙ መጡ። ሁለተኛው ላይ አድርገው በጥፍራቸው ዳሰሱት። ሦስተኛው ላይ አደረጉት። መልሰው ሁለተኛው ላይ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ወርቄ፣ እነዚህ ሁለቱ መጀመሪያውንም ተቀያይረው ነው የመጡልን" አሉ።

"ምን ማለት ነው?"

"አንቺ ሳትገዢያት በፊት ያደሳት ሰው የሁለተኛውን ለሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ለሁለተኛው ገጥሟል። ለካ ለዚህ ነው ሁለቱ ብቻ የተቃጠሉት! ዘይት ቢያልቅ ኖሮ አራቱም ናቸው የሚነኩት።" ቆቡን በእጃቸው አገላበጡት። "ባታጥቢያቸው ኖሮ እኔ ደግሞ በቁጥሬ እንደነበሩት መልሼ እገጥማቸው ነበር። ከወራት በኋላ ተጭና ትመጣልሽ ነበር።"

እሳቸው ይስቃሉ፤ ቆቡን እንደ ሜዳሊያ ከፍ አድርገው ይዘውታል። "ሳሙናሽ ይባረክ!" ይሉኛል። እኔ ግን ዓይኔ ላይ የመጣው የሸሚዝ እጅጌ ነው። ዘይት የተጠረገበት እጅጌ።

"ሹፌሬስ?" አልኳቸው።

"ንጹሕ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ቢየላዎቹን ከትክክለኛ ቆባቸው ጋር አስረን አዲስ አበባ ማሽን ቤት ወሰድናቸው፤ ባለሙያው ለካና "ክብ ናቸው፤ ምንም አልሆኑም" አለን። የተፋቀው ክራንክ እዚያው ተስተካከለ። አዲስ ብሮንዝና ፋሻ የሚሉትን የፒስቶን ቀለበት ገዛን፤ የሚያገለግለውን ሌላውን ሁሉ አጥበን መልሰን ገጠምን። በቆቦቹ ላይ ኦቦ ደበላ በዚህ ጊዜ ቁጥሩን በብረት መምቻ መቱት። "እስቲ አሁን እጠቢው!" አሉኝ። ክራንኩ በእጄ ገፋ ሳደርገው እንደ ቅቤ ዞረ።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ግን የሚቀረኝ ነበር። "ኦቦ፣ ሽማግሌ ይሆኑልኛል?" አልኳቸው።

"ለሞተር ነው ለሰው?"

"ለሰው።"

ቡራዩ ሄድን። ቶሎሳ ቤት አልነበረም፤ ብሎኬት ሲያወርድ ውሎ አቧራ ለብሶ መጣ። ሚስቱ እንደነገረችን፣ ማሽን ለመንዳት ሊቀጠር በሄደበት ሁሉ "ከሱሉልታ ለምን ወጣህ?" እያሉት ነበር። ያቺን ጥያቄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ኦቦ ደበላ ሁለቱን የተቃጠሉ ብሮንዞች ከመሀረባቸው ፈተው እጁ ላይ አኖሩለትና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዱት። ቶሎሳ በአውራ ጣቱ እያሻሸ ሰማቸው። እኔ ተነስቼ "ይቅር በለኝ፤ በድዬሃለሁ" አልኩ። ቶሎሳ ብሮንዞቹን መሀረቡ ላይ መለሳቸው።

"እትዬ" አለ በመጨረሻ፣ "እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን እዚህ ማን ሰማሽ? የተናገርሽው ሱሉልታ ነው። እዚያው ንገሪያቸው።"

"ዱጋ ዳ" አሉ ኦቦ ደበላ። "እውነቱን ነው። ነገር ከወጣበት ቦታ ነው የሚመለሰው።"

መስቀል ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ጥንዚዛ ተጭና ሱሉልታ ገባች። የእርባታው ባለቤት ወጡ፤ አላቢዎቹ ባልዲያቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። ያን ቀን እንደጮህኩት ያህል ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ቶሎሳ ዘይት አላጣባትም አልኩ። ጥፋቱ ማሽኗ ከመምጣቷ በፊት የነበረ ነው፣ የእኔ ጥፋት ደግሞ ሳልጠይቅ መፍረዴ ነው አልኩ።

ጫልቱ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከፊት ቆመች። "ትንሽ ጮክ በይ እትዬ። ላሜን አልቤ ጨርሻለሁ፤ አሁን ላዳምጥ።"

ሁሉም ሳቁ። ከእነሱ በላይ ግን የሳቅኩት እኔ ነኝ። ደገምኩላት።

ቶሎሳ ወደ ማሽኗ ሄደ። ወዲያው አልወጣባትም። የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ በእጅጌው ጠረገው፣ አስገብቶ አወጣው፤ ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል መጥቶ አፍንጫዬ ሥር ያዘው።

"ይኸው፣ እትዬ።"

"አየሁ" አልኩት።

ወጣና አስነሳት። በሦስተኛው ሙከራ ነጭ ጭስ ተፋች፤ ተንተባተበች፤ ከዚያ ጭሱ ጠርቶ ድምጿ ተስተካከለ። ኦቦ ደበላ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ጆሯቸውን ሰጧት። መዶሻ የለም። "ባዬ ጋሪዳ" አሉ፤ በጣም ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። እኔን ሳያዩ፣ ለሞተሩ ነው የነገሩት። ጥንዚዛ አካፋዋን ዝቅ አድርጋ የተጠራቀመው ፍግ ውስጥ ገባች።

ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራች ነው፤ ቶሎሳም አብሯት አለ። እኔ ዛሬም ኦቦ ደበላ ጋ ብቅ እላለሁ፤ አንዳንዴ ሥራ ሲበዛባቸው ካፖርቴን ደርቤ አቀብላቸዋለሁ። ጠመኔ የነካ ዕቃ ግን አያስነኩኝም።

ያን ሰሞን ሳስብ እፍረቱ አልጠፋልኝም፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ከእፍረቱ ጋር ግን አንድ ደስታ አለ። ቶሎሳ በየጠዋቱ፣ ጥንዚዛን ከማስነሳቱ በፊት፣ ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ ይልክልኛል። ቃል አይጽፍም። የዘይት መለኪያው ዘንግ ብቻ ነው፤ ዘይቱ ልኩ ላይ። አንዳንድ ቀን እጁ ይንቀጠቀጥና ይደበዝዛል፤ አንዳንድ ቀን የላም አፍንጫ አብሮ ይገባበታል። መጀመሪያ ሰሞን ለነገር መስሎኝ ነበር። አሁን ፎቶው ከዘገየ ምን ሆነ ብዬ የምጨነቀው እኔ ነኝ።

ዛሬም ጠዋት መጣልኝ። ከዘንጉ ኋላ የጫልቱ ባልዲና የጫልቱ ጥርስ ይታያሉ። "አየሁ" ብዬ መለስኩለት።